የተጂዋ ሞተር ለምን ትቆማለች? የአንድ ግትር ብልሽት አጭር ታሪክ

መቼስ የታሪክ ጽሑፍ ሲባል አንባቢ የሚጠብቀው ንጉሥ ነው፣ ጦርነት ነው፣ ቢያንስ ቢያንስ አንድ መፈንቅለ መንግሥት ነው። የዛሬዋ ባለታሪካችን ግን ተጂ የምትኖር አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ናት። ንጉሡም፣ ጦርነቱም፣ አብዮቱም መንገድ ላይ ያገኙናል፤ ቸኩላችሁ ገጹን አትዝጉት። ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው፤ ይህቺ ሞተር ደህና ስትሄድ ቆይታ መሐል መንገድ ላይ ለምን ቀጥ ትላለች?

ተጂን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ስትወጡ ዓለም ገናን፣ ሰበታን፣ ተፍኪን አልፋችሁ የምታገኟት ትንሽ ከተማ ናት፤ የኢሉ ወረዳ መቀመጫ። ዙሪያዋን የበቾ ሜዳ ከቧታል። ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ከእግር ይነጥቃል። አጎቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበሩ። ሞተሯም የመሥሪያ ቤታቸው ነበረች። የጃፓን ሥራ ናት፤ ባለ ሁለት ስትሮክ፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠልባት፣ ጭሷ ከሩቅ የሚያስታውቅ። በ1980ዎቹ መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ያረጁ ንብረቶቹን በሐራጅ ሲሸጥ ገዟት። ከዚያ ወዲህ ለቤተሰቡ ሁሉ "የጋሼ ሞተር" ናት።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። እኔም ባለፈው ዓመት ደስ ላሰኛቸው ብዬ ሞተሯን አሳደስኳት። መቀመጫዋ ተለበደ፣ የተጣመመው የሰልባትዮዋ አፍ በላሜራ ሠራተኛ ተቃና፣ ቀይ ቀለም ተቀባች። ሙሽራ መሰለች። ሁለት ወር ሳይሞላ መቆም ጀመረች።

መጀመሪያ የሳቅን ነገር ነበር። አንድ ቀን ግን ጋሼ የቆየ የሥራ ባልደረባቸው አርፎ ለቀብር ወደ ተፍኪ በኩል ሲሄዱ፣ ዝናብ ይጥል ነበርና፣ መንገድ ላይ ቆመችባቸው። ቀብሩ አለፋቸው። ማታ ሞተሯን ጋሪ ላይ አስጭነው፣ እሳቸው ከኋላ በእግራቸው እየተከተሉ ተመለሱ። ቤተሰብ ተሰበሰበና "ለቁራሌው ትሸጥ" ተባለ። ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ዝም ማለታቸው ነው የከበደኝ። "አንድ ወር ስጡኝ" አልኩ።

ካንዴላ ነው!

እዚያው ተጂ ካለ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ልጁ እጁ የተባረከ ነው፤ ገና ነገሩን ሳንጨርስለት "ካንዴላ ነው!" አለ። ካንዴላው ተቀየረ። ተነሳች። እልል! በሦስተኛው ቀን ተፍኪ ሳትደርስ ቆመች። "እንግዲያው ቦቢናው ነው።" ቦቢናው ተቀየረ። ተነሳች፣ በሳምንቱ ቆመች። ካርቡሬተሩ ተፈታ፣ ታጠበ፣ በአየር ተነፋ። ተነሳች፣ ቆመች። የኪሴን ነገር ተዉት።

ልጁ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አፉን እሰማ ነበር። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። እንግዲህ አስቡት፤ ጃፓን የሠራቻትን ሞተር አንድ የተጂ ልጅ ከረዳቱ ጋር ኦሮምኛ እያወራ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ እያወራ፣ የሚፈታት ግን በጣሊያንኛ ነው! እሱ ግን ጣሊያንኛ መሆኑን አያውቅም። ለእሱ የዕቃው ስም ነው፣ በቃ።

አገራችን ከመኪና ጋር የተዋወቀችው በምኒልክ ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ መኪና ይዞ ከጂቡቲ በኩል አዲስ አበባ ገባ፤ መንገድም ጋራዥም ባልነበረበት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ሞተር የመኳንንትና የነጋዴ ብርቅ ሆኖ ቆየ። ወደ ተራው ሰው እጅ ያቀረበው የጣሊያን ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት አምስት ዓመታት የፋሺስቱ ጦር በካሚዮንና በሞተር ሳይክል ይንቀሳቀስ ነበር። ሞቶ ጉዚ፣ ጊሌራ፣ ቢያንኪ፣ ቤኔሊ የዚያ ጦር ሞተሮች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደየአቅጣጫው የተዘረጉት መንገዶች፣ የጋሼ ሞተር የምትቆምበት የጅማ መንገድ ጭምር፣ በዚያ ዘመን ተሠርተዋል። ጦሩ ተሸነፈና ሄደ፤ ከጣሊያኖቹ መካከል ግን የቀሩ ነበሩ፤ ከእነዚህም ጋራዥ የከፈቱ ነበሩ። መፍቻ የሚያቀብለው ሐበሻ ልጅ ሙያውን ከነስሙ ወሰደ። መንገዱን ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተረከበው፤ ቃላቱን ደግሞ ጋራዦቹ ተረከቡ።

ይህ ከእጅ ወደ እጅ የሄደ ትምህርት ትልቅ ጥንካሬ አለው። መጽሐፍ ሳይኖር፣ መለዋወጫ ሳይኖር፣ ስንት መኪና ስንት ዓመት አስኪዷል! አንድ ጉድለት ግን አለው፤ ማስታወሻ አይተውም። የቀድሞው መካኒክ ይህቺን ሞተር ምን እንዳደረጋት፣ መቼና ለምን እንዳደረገው የጻፈው ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ መካኒክ ከዜሮ ይጀምራል። በእጁ የሚያውቀውን ይቀይራል፣ ሞተሯ ትነሳለች፣ ሁላችንም የተቀየረው ዕቃ ጥፋተኛ ነበር ብለን እናምናለን። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከፍታው ነው!

ሁለተኛውን ተጠርጣሪ ያመጣው ኢንጂነሪንግ የሚማር የአክስቴ ልጅ ነው። "የከፍታ ጉዳይ ነው" አለ። ከንቱ ነገር አልነበረም። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ያንሰውና ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበት ይቀንሳል።

አሜሪካዊው ሮበርት ፒርሲግ በ1968 እ.ኤ.አ. ልጁን ከኋላ አፈናጦ በሆንዳ ሞተር ከሚኒሶታ እስከ ካሊፎርኒያ ከተጓዘ በኋላ በጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ ውስጥ ይኸው ጣጣ ተራራ ላይ ያጋጥመዋል። (121 አሳታሚዎች አንፈልግም ያሉት መጽሐፍ ነው፤ ጽሑፋችሁ ውድቅ ሲደረግባችሁ ተጽናኑበት።)

ነገር ግን ጋሼን ጠየቅኳቸው፤ "ሞተሯ ዝቅተኛ አገር ሄዳ ታውቃለች?" ሳቁብኝ። ከሰላሳ ዓመት በላይ ከበቾ አልወጣችም። ተራራው ትናንትም እዚያው ነበር፣ ዛሬም እዚያው ነው። ከፍታው ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ታስቸግር ነበር። ያልተለወጠ ነገር ብቻውን አዲስ የመጣን ነገር ሊያስረዳ አይችልም። ("ብቻውን" የሚለውን ቃል አስምሩበት፤ እኔ ያኔ አላሰመርኩበትም።)

ቤንዚኑ ነው!

ሦስተኛው ተጠርጣሪ የሰፈሩ ሁሉ ነበር። "የዛሬ ቤንዚን ቤንዚን ነው እንዴ?" ያላለኝ ሰው የለም። ቅሬታ ብቻ አይደለም፤ ቤንዚኑ በእውነትም ተለውጧል። ድሮ በዓለም ዙሪያ ቤንዚን ውስጥ ሊድ ይጨመር ነበር። ጤና የሚጎዳ ሆኖ ስለተገኘ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ትተውታል፤ በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. አቆመች። እኛ ዘንድ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ከስኳር ተረፈ ምርት የተገኘ የፊንጫ ኢታኖል ሱሉልታ በሚገኝ ዴፖ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፤ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ። ዓላማው ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ መቀነስ ነበር። ኢታኖል ለአሮጌ ሞተር የራሱ ጠባይ አለው። ውሃ ይስባል፣ የቆየ የጎማ ዕቃ ያላላል፣ በሰልባትዮ ግድግዳ ላይ የተጋገረ ዝቃጭ አጥቦ ወደ ካርቡሬተር ያወርዳል።

ጥሩ ተጠርጣሪ ነው። ግን ጊዜው አልገጠመም። የሊድ መቅረት የሚያሰጋው ባልቦላ ያለውን ሞተር ነው፤ የጋሼዋ ባለ ሁለት ስትሮክ እንዲህ ያለ ባልቦላ የላትም። ኢታኖሉም መቀላቀል ከጀመረ በኋላ ከአስር ዓመት በላይ ያለ ችግር ሄዳለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዚያው ማደያ የሚቀዱት የተጂ ባጃጆች ሲከንፉ ይውላሉ። አንድ ዓይነት ቤንዚን ጠጥተው አንዷ ብቻ ከታመመች፣ ሕመሙ ከቤንዚኑ አይደለም።

ደብተሩ

ተጠርጣሪ ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ደብተር ገዛሁ። ሞተሯ በቆመች ቁጥር ቀኑን፣ ቦታውን፣ አየሩን፣ በሰልባትዮው ውስጥ ያለውን ቤንዚን ጻፍኩ። አስራ አንድ ጊዜ ቆመች፤ አስራ አንድ መስመር ጻፍኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አራት ነገር ወጣ።

አንደኛ፣ ተጂ ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብትነዳ አትቆምም። የምትቆመው አስፋልት ላይ፣ ስትፈጥን ነው። ሁለተኛ፣ ዝናብ ሲመታት ይብስባታል። ሦስተኛ፣ ከቆመች በኋላ ትንሽ ቆይታ ትነሳለች። አራተኛውን ግን ማመን አቃተኝ፤ ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን ቶሎ ትቆማለች፣ ግማሽ ሲሆን ትዘገያለች። ይህ ምን ዓይነት ሞተር ነው? የጠገበ በሬ ይሰንፋል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ የጠገበች ሞተር ግን አልሰማሁም።

ደብተሬን ይዤ ሰበታ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። (አዲስ አበባ እንዳልወስዳት በ2011 ዓ.ም. ሰኔ 30 የሞተር ሳይክል እገዳው ተግባራዊ ከሆነ ወዲህ እንደ ድሮው ሞተር ይዞ ዘው ማለት የለም።) ሽማግሌው ደብተሩን አላነበቡትም፤ መነጽር የላቸውም። እኔ አነበብኩላቸው። ሲጨርሱ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን ደብተሩ ላይ ያልነበረ ነው።

"ስትቆምብህ መጀመሪያ እጅህ የሚሄደው የት ነው?"

"ክዳኗን ከፍቼ ቤንዚን አለቀ እንዴ ብዬ አያለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ካንዴላዋን ፈትቼ እጠርጋለሁ። ከዚያ ትነሳለች።"

"ካንዴላውን ሳትነካ ረግጠሃት ታውቃለህ?"

አላውቅም። አስራ አንድ ጊዜ ቆማ አስራ አንዱንም ጊዜ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቻለሁ። ጋሼም እንደዚያው። ግን ይህን እንደ ነገር ቆጥሬው ደብተር ላይ አልጻፍኩትም። ሁልጊዜ የምታደርጉትን ነገር አታዩትም።

"እንግዲህ ስማ የኔ ልጅ" አሉ፤ "ሙሉ ቅዳና ወደ ተፍኪ በደንብ አስሩጣት። ስትቆም ምንም አትንካ። ጆሮህን ክዳኑ ላይ አድርግና ቀስ ብለህ ክፈተው።"

እንዳሉኝ አደረግሁ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ አንዴ ሁለቴ ተንተባተበችና ቆመች። አስፋልቱ ዳር አቁሜ ጆሮዬን ቀይ ቀለም በተቀባው ሰልባትዮ ላይ አስደገፍኩ። መንገደኛ ሞተሯን የሳምኳት ሳይመስለው አልቀረም። ክዳኑን ቀስ ብዬ ፈታሁት።

"ፍስስስስ..."

አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ካንዴላውን ሳልነካ ትንሽ ጠብቄ ረገጥኳት። በአንድ ምት ተነሳች።

ሁለት ቀዳዳ

ነገሩን ለመረዳት ፊዚክስ አያስፈልግም፤ ወጥ ቤት ይበቃል። እናቶቻችን የዘይት ቆርቆሮ ሲከፍቱ አንድ ቦታ ብቻ አይበሱም፤ ሁለት ቦታ ነው። በአንዱ ዘይቱ ይወጣል፣ በሌላው አየር ይገባል። አንዱን ብቻ ብትበሱት ዘይቱ ይንገራገጭና ይቆማል። የዚህች ሞተር ሰልባትዮም እንደዚያው ነው። ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡሬተር ይወርዳል፤ በወረደው ልክ አየር እንዲገባ ክዳኑ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ያቺ ከተደፈነች ውስጡ አየር ያጥረውና ቤንዚኑን ይዞ ያስቀረዋል። ማሽኗ ተርባ ትቆማለች፤ ሰልባትዮው ሙሉ ሆኖ!

አሁን ደብተሩ ሁሉ ትርጉም አገኘ። ከተማ ውስጥ የምትጠጣው ጥቂት ስለሆነ በክዳኑ ዳር ሾልኮ የሚገባው አየር ይበቃታል፤ አስፋልት ላይ ግን አይበቃትም። ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን ከላይ ያለው የአየር ክፍተት ጠባብ ነው፤ ጥቂት ቤንዚን ሲጎድል ወዲያው ይሳሳል። ዝናብ ሲመታው ውስጡ ያለው አየርና እንፋሎት ቀዝቅዞ ይሸማቀቃል፤ እኛ ግን ካንዴላው ውሃ ገባበት እያልን ስንጠርግ ነበር። ካንዴላ የቀየረው ልጅ፣ ቦቢና የቀየረው፣ ካርቡሬተር ያጠበው፣ ሁሉም ከመሥራታቸው በፊት ወይም በኋላ ክዳኑን ከፍተዋል። ያዳናት የክዳኑ መከፈት ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ካንዴላው ነው።

እዚህ ላይ ታሪክ የምንወድ ሰዎች ትንሽ ማፈር አለብን። ይህ የእኛም በሽታ ነውና። የ1966ቱን አብዮት ምን አመጣው ሲባል መልሳችን ብዙ ጊዜ ከዓይናችን ፊት የሆነው የመጨረሻው ነገር ነው። በዚያ ዓመት የካቲት 11 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የአረብና የእስራኤል ጦርነትን ተከትሎ የዓለም ነዳጅ ዋጋ ንሮ፣ መንግሥትም ቤንዚን ላይ 50 በመቶ ጨምሮ ነበር። ጭማሪው በከፊል ተቀነሰ፤ ነገሩ ግን አልበረደም። ከመስከረም 2 ቀን 1967 በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋናቸው አልነበሩም። ታዲያ ዘውዱን የጣለው የቤንዚን ዋጋ ነው? ቤንዚኑ ካንዴላው ነው። ከዚያ በፊት የወሎ ረሃብ ነበር፣ የመሬት ጥያቄ ነበር፣ የመምህራን ቅሬታ ነበር፣ ጥር ላይ በነገሌ ቦረና በተበላሸ የውሃ ፓምፕና በምግብ ሰበብ ያመጹ ወታደሮች ነበሩ። ሰልባትዮው ውስጥ አየር ሲያጥር ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ላስቲኩን የቆረጠው ማን ነው?

ወደ ክዳናችን። ገልብጬ ሳየው ከሥሩ ከካላማዳሪያ የተቆረጠች ክብ ጥቁር ላስቲክ አለች። ዙሪያዋን በጥንቃቄ በምላጭ የተከረከመች ናት። መሐሏ ግን አልተበሳም፤ ቀዳዳዋን ጥርቅም አድርጋ ደፍናታለች። ላስቲኳ ደርቃለች፣ አርጅታለች። የዛሬ ሥራ አይደለችም።

ንዴት ያዘኝ። የትኛው ገልቱ ነው ይህን ያደረገው? ስንት ብር፣ ስንት ቀን! ከሁሉም የጋሼ ቀብር ሳይደርሱ መቅረት! ላስቲኳን በወረቀት ጠቅልዬ ተጂ ተመለስኩና ጋሼ ፊት አስቀመጥኳት። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጧት።

"ይቺን እኔ ነኝ የቆረጥኳት" አሉ።

ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። ዘመኑ ደርግ ነው። ቤንዚን በኩፖን ነው። ድፍድፍ ዘይቱ ከውጭ እየመጣ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በሶቪየት እርዳታ ሥራ በጀመረው የአሰብ ማጣሪያ እየተጣራ፣ ከዚያ በቦቴ ወደ መሐል አገር ይጓጓዛል። ጦርነት አለ፣ ጦሩ ይቀድማል። ለአንድ የወረዳ ግብርና ሠራተኛ የሚደርሰው በወር የተቆጠረ ሊትር ነው። መንገዱ ደግሞ መንገድ አይደለም፤ የማሳ ዳር፣ ቦይ፣ የደረቀ መረሬ። ሞተሯ ስትዘል ቤንዚኑ በክዳኑ ቀዳዳ እየተፈናጠረ ሰልባትዮውንም ሱሪያቸውንም ያርሰዋል። አንድ ጊዜ በወሩ መጨረሻ ቤንዚን አልቆባቸው፣ ገበሬ ሰብስበው እየጠበቋቸው፣ ሞተሯን እየገፉ ግማሽ ቀን ሄደዋል። ሲደርሱ ሰው ተበትኗል።

"ማታ ቁጭ ብዬ ካላማዳሪያ ቆረጥኩ" አሉ። "ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም።"

"ጋሼ፣ ታዲያ ያኔ አትቆምብዎትም ነበር?"

"መረሬ ላይ ማን ይሮጣል ልጄ? አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ እኮ ነው። ኋላም ቦይ ውስጥ ይዤያት ወድቄ የሰልባትዮዋ አፍ ተጣመመ። ክዳኑ እንደ ድሮው አይገጥምም ነበር።"

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። በተጣመመው አፍ በኩል አየር ይገባ ነበር። ሞተሯ ይህን ሁሉ ዓመት ስትተነፍስ የኖረችው በስብራቷ በኩል ነው። ያንን ስብራት አስቃንቼ፣ ክዳኑን ልክክ አድርጌ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ! የጋሼ ላስቲክ ትክክለኛ ሥራ ነበር፤ ለዘመኑ። የእኔም እድሳት ትክክለኛ ሥራ ነበር። ሁለቱ መልካም ሥራዎች አርባ ዓመት ገደማ ተራርቀው ሲገናኙ አንድ ብልሽት ወለዱ። ያልተለወጠ ነገር "ብቻውን" አያስረዳም ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ያልተለወጠው ላስቲክ ከተለወጠው አፍ ጋር ሲገጥም ነው ነገሩ የመጣው።

ገልቱው ማነው?

የእኛ ዘመን ልጆች ከበፊቱ የወረስነውን ሁሉ ስናይ የመጀመሪያ ቃላችን "የትኛው ገልቱ ነው ይህን ያደረገው?" ነው። ስለ ሕጉም፣ ስለ ቢሮክራሲውም፣ ስለ ከተማው ፕላንም፣ ስለዚያ ትውልድም። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ አጠያየቁ ነው እንጂ። "ይህን ያደረገው ሰው ያኔ ምን ቸግሮት ነበር?" ብለን ብንጠይቅ ብዙ ብልሽት የድሮ መፍትሄ ሆኖ እናገኘዋለን። ኢታኖሉ የምንዛሪ እጥረት መፍትሄ ነበር። የ2011ዱ የሞተር እገዳም በሞተር ለሚፈጸም ዘረፋ መፍትሄ ተብሎ የወጣ ነው። ዛሬ እኛ የምንደፍናቸው ቀዳዳዎችም የነገ ልጆች "ገልቱ" የሚሉን ይሆናሉ፤ የደፈንንበትን ምክንያት ጽፈን ካልተውን በቀር።

ይህን ስል የድሮ ነገር ሁሉ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። የጋሼን ችግር ተረዳሁ፣ አከበርኩ፤ ሞተሯ ግን መተንፈስ አለባት። መረዳት አንድ ነገር ነው፣ አለመብሳት ሌላ ነገር ነው።

ደግሞም አሁን ነገሩ የምር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዶ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። መልካም ይሆን ይሆናል። የበቾን ሜዳ የሚያቋርጡት አሮጌ ማሽኖች ግን ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ ዕቃ እየቀያየሩ መሞከር ደግሞ ዕቃው በረከሰ ጊዜ የሚቻል ቅንጦት ነው። ከእንግዲህ የሚያስፈልገን የሚጠይቅ መካኒክና የሚጻፍበት ደብተር ነው።

ላስቲኳን አልጣልናትም። ጋሼ መርፌ በእሳት አግለው መሐሏን፣ ልክ በክዳኑ ቀዳዳ ትክክል፣ ራሳቸው በሷት። አሁን ቤንዚኑም ያን ያህል አይፈናጠርም፣ አየሩም ይገባል። ወሩ ሳያልቅ ሙሉ ቀድተን ዝናብ እየጣለ እስከ ሰበታ ሄድን፣ ተመለስን። አልቆመችም። የቁራሌው ነገር ተረሳ።

ለቀብሩ ያልደረሱት ጋሼም ለአርባው በሞተራቸው ሄዱ። ደብተሩን ከመቀመጫዋ ሥር አስቀምጬላቸዋለሁ። የመጨረሻው መስመር በእሳቸው እጅ የተጻፈ ነው፤ ቀኑን ካስቀመጡ በኋላ እንዲህ ይላል፦ "የክዳን ላስቲክ ተበሳ። የደፈነው እኔ፣ በቤንዚን እጥረት ምክንያት።"